ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ገበያውን ቁጠሩ

ቤት ፈላጊ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው «ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኘውም» የሚለውን የደላላ ቃል ነው። እኔም ተኖሮበት የሚሸጥ ቤት ስፈልግ ይህንኑ ሰምቼ ልዋዋል ነበር። ያዳነኝ አንድ ደብተር ነው።

ሁለት ሰፈር ብቻ ምረጡና ለሦስት ወር በየቅዳሜው ዙሩ። ለሽያጭ የቀረበውን እያንዳንዱን ቤት መዝግቡ፦ ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ የተጠራበትን ዋጋ፣ ለሽያጭ የወጣበትንና የተሸጠበትን ቀን። በአካል ሄዳችሁ እዩ፤ እኔ ሦስት ቤት ብዬ የጻፍኩት ሦስት ደላሎች በየፊናቸው የሚያዞሩት አንድ ቤት ሆኖ አግኝቼዋለሁ! ከዚያ አካፍሉ። 12 ቤት ቀርቦ በወር 3 ከተሸጠ፣ ያለው አቅርቦት የ4 ወር ነው። ይህ የወር ቁጥር እያደገ ከሄደ ሻጭ በዝቷልና ታግሣችሁ ተደራደሩ፤ ካነሰ ገዢ እየተሻማ ነው። የተጠራ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው፤ በቅርብ የገዙትን ጎረቤቶች ቡና ላይ በትሕትና ጠይቁ።

ፍላጎቱን በኪራይም ለኩ። በዩኒቨርሲቲውና በፋብሪካዎቹ አካባቢ የተለቀቀ ክፍል ወዲያው የሚያዝ ከሆነ የመኖሪያ ፍላጎቱ በእርግጥ አለ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ከዚያ የሚመጣ ገዢም አለ።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ስለዚህ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) የሌለውን ቤት ካርታ ካለው ጋር በአንድ ዓምድ አትጻፉ፤ ርካሽነቱ ገበያው የወረደ ያስመስላል። ያልተከፈለ የሊዝ (የመሬት ኪራይ) ዕዳ ካለም ዋጋው ላይ ደምሩት።