ቤንዚን የማይበላው ጓርኒሲዮን እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ላይ መኪናችሁ ጠዋት ደህና ሆኖ ስምንት ሰዓት ላይ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ የሰልባቲዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም መገጣጠሚያው እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ጎማ፣ ጠርጥሩ። በሙቀት ቤንዚኑ ይተናል፤ ትነቱም ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል።

መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ ለዩ፦ ከነዳጅ መለኪያው ክዳን፣ ከታችኛው ቡሎን ወይስ ከመሙያው ጎማ? ባትሪውን ንቀሉ፣ ደጅ ላይ ስሩ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አጠገባችሁ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ሥራው ይቆይ።

አሮጌውን ለናሙና ይዛችሁ መለዋወጫ ሱቅ ሂዱና «ለቤንዚን የሚሆን ናይትራይል» በሉ፤ ናይትራይል ቤንዚን የሚችል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ቪቶን የሚባለው ጎማ ከተገኘ ይበልጣል፣ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል። እኔ ለናፍጣ መኪናና እንደ ሐረር ፔጆ 404 ላሉ የድሮ መኪኖች ናይትራይል ይበቃል ባይ ነኝ። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ግን ተዉት። አጥፋችሁ እዩት፤ ከተሰነጣጠቀ አያገለግልም።

ችግሩ ጥቁር ጎማ ሁሉ አንድ መምሰሉ ነው። የፍሬን ጎማ የፍሬን ዘይትን በደንብ ይችላል፣ ቤንዚን ውስጥ ግን ያብጣል። ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጓርኒሲዮንም እንደዚያው ነው። ሻጩ «አይዞህ፣ ኦሪጅናል ነው» ቢልም ከመግጠም በፊት ፈትኑት።

ከጎማው ትንሽ ቁራጭ ቁረጡ። ኦሪንግ (ቀለበት መሳይ ጎማ) ከሆነ ሁለት ግዙና አንዱን ለሙከራ ሠዉ። ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ። ከዚያ በመስታወት ዕቃ ቤንዚን ውስጥ ነክራችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ ከእሳትና ከልጆች ርቆ ጥላ ሥር ይደር። በማግስቱ መስመሩ ላይ መልሱት። ጥቂት ቢያብጥ ችግር የለም፤ ናይትራይልም ትንሽ ያብጣል። መስመሩን በብዙ ካለፈ፣ ከተጠቀለለ ወይም በጥፍር ከተቦጨቀ ጣሉት።

እዚህ ላይ አታቁሙ። አድርቁትና እንደገና ለኩት። ከመጀመሪያው አንሶና ደርቆ ከተገኘ ቤንዚኑ ማለስለሻውን አጥቦ ወስዶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ሰልባቲዮው ሙሉ ሳለ ይይዝና ነዳጁ ሲጎድል ደርቆ ያፈስሳል።

ማስቲሽን በተመለከተ፣ ተራ ሲሊኮን አትቀቡ። ቤንዚን ያለሰልሰዋል፤ የተላጠው ፍርፋሪም የነዳጅ ማጣሪያውን ይደፍናል። የብዙዎቹ ቱቦ ጀርባ ላይ ለቤንዚን እንደማይሆን በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል፣ የሚያነበው ነው የጠፋው። ቤንዚን እንደሚቋቋም የተጻፈበትንና የማይደርቀውን ዓይነት ምረጡ፤ እሱንም በስሱ። ጥሩ ጓርኒሲዮን ንጹሕና ቀጥ ያለ ብረት ላይ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ማስቲሽ አይፈልግም።

ሰልባቲዮው ራሱ ከተበሳ ደግሞ «ባዶ ነው» ብላችሁ ወደ ብየዳ አትውሰዱት። በትነት የተሞላ ባዶ ሰልባቲዮ ከሙሉው ይብሳል።

ስትገጥሙ የድሮውን ቅሪት በእንጨት ፋቁ፤ ካቻቢቴ ብረቱን ይጭራል። ቡሎኖቹን ትይዩ ትይዩውን ቀስ በቀስ አጥብቁ። ከዚያ ነዳጅ ሙሉና ቀትር ላይ ክዳኑን ዙሪያውን በደረቅ ወረቀት ዳብሱት።