አፕሉ ቀልቷል፤ ታዲያ ለምን ይኮመጥጣል?

ችግር፦ ፍሬው ደም መስሏል፤ ሲገመጥ ግን ይኮመጥጣል፣ አፍ ያደርቃል።

ቅላት ያታልላል። ብዙ ዝርያዎች ሳይበስሉ ቀድመው ይቀላሉ። መታየት ያለበት ከቅላቱ ስር ያለው የመደብ ቀለም ነው። ፍሬውን አዙሩና ፀሐይ ያልመታውን ጎን ተመልከቱ። ሣር የመሰለ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት፤ ወደ ቢጫ ካደላ ደርሷል። አሁንም ካጠራጠራችሁ አንዱን ሰንጥቁ። ዘሩ ነጭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገና ነው፤ ሲበስል ቡናማ ይሆናል። ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ላይ ግን ዘር ብቻውን አይታመንም።

እርግጠኛውን ለሚፈልግ አዮዲን አለ። በውሃ የቀጠነ አዮዲን የተቆረጠው ፊት ላይ ቀቡና ትንሽ ጠብቁ። ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ስታርቹ፣ ማለትም ፍሬው ውስጥ ያለው ዱቄታማ ነገር፣ ገና ወደ ስኳር አልተለወጠም። መሃሉ ነጥቶ ዳር ዳሩ ብቻ ከጠቆረ መልቀም ይቻላል። ቁራጩን ጣሉት፤ አይበላም።

ችግር፦ ግማሹ ጣፋጭ፣ ግማሹ ጥሬ።

ዛፉን በአንድ ቀን ስላራገፋችሁት ነው። ፀሐይ የሚያገኙት የአናትና የዳር ፍሬዎች ይቀድማሉ፤ ውስጥ የተደበቁት ይዘገያሉ። በየጥቂት ቀኑ እየተመለሳችሁ የደረሰውን ብቻ ልቀሙ።

ችግር፦ ሲለቀም ቅርንጫፉ አብሮ ይገነጠላል።

ወደ ታች አትጎትቱ። በመዳፍ ያዙት፣ ወደ ላይ አንሱት፣ ትንሽ ጠምዘዝ አድርጉት። የደረሰ ከሆነ ከነጭራው እሺ ብሎ ይመጣል። እንቢ ካለ አትታገሉት። ጭራው የተያያዘባት አጭር ጉጥ የወደፊቱ አበባ የሚወጣባት ናት፤ እሷን መንቀል የሚቀጥለውን ምርት መንቀል ነው።

ችግር፦ ሳይበስል ይረግፋል።

የወደቀውን ቁረጡት። ቡናማ ቆሻሻ የሞላው ቦይ ካለ ትል ገብቶበታል፤ የረገፈውን በየቀኑ ለቅማችሁ ከዛፉ ስር አርቁ። ትል ከሌለ ውሃ ማነሱን ጠርጥሩ። ገና እንጭጭ ሳለ የሚረግፈው ግን አያሳስብም፤ ዛፉ ራሱ ሸክሙን እያቀለለ ነው።

ችግር፦ የተቀመጠው ቶሎ ይበሰብሳል ወይም ዱቄት ዱቄት ይላል።

የተጋጋጠ ወይም ትል የነካው አንድ ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ እያወጣ ጎረቤቶቹንም ያስረጃል። ስለዚህ እንከን ያለበትን ለብቻ አውጡና መጀመሪያ ብሉት። ቀሪውን ሳትወረውሩ አስቀምጡ፤ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን ግን ለወራት ላቆይ ማለት ትርፉ ድካም ነው። እነሱን እንደተለቀሙ ብሏቸው።