በሁለት ጣሪያ ላይ ያሉ ሰዓቶችን በናኖሰከንድ ደረጃ እንዴት ማመሳሰል ይቻላል?

ከጠፈር የሚመጣው የኮስሚክ ጨረር የላይኛውን አየር ሲመታ ቅንጣቶች እንደ ዝናብ ይወርዳሉ። አዳማ ውስጥ በሁለት ጣሪያ ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች ያንኑ አንድ ዝናብ ማየታቸውን የምናረጋግጠው ሰዓቶቻቸው ሲስማሙ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ሰዓት ለዚህ አይበቃም። የኳርትዝ ክሪስታሉ በቀን ከአንድ ሰከንድ በላይ ሊዛነፍ ይችላል፤ በሙቀት መለዋወጥ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀያየራል፤ የአዳማ ቆርቆሮ ቀን ምን ያህል እንደሚግል፣ ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ነዋሪው ያውቃል።

ስለዚህ ትክክለኛውን ሰዓት ከሳተላይቶች እየተቀበሉ በየሰከንዱ አንድ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጡ ሁለት ተመሳሳይ የጂፒኤስ መቀበያዎች ያዘጋጁ።

1. የአንቴናዎቹን ገመድ ከአንድ ጥቅል እኩል አድርገው ይቁረጡ። በተለመደው ኮአክሲያል ገመድ ምልክቱ በየሜትሩ 5 ናኖሰከንድ (ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ያህል ይዘገያል፤ 20 ሜትር ማለት 100 ናኖሰከንድ ነው። ገመዶቹ እኩል ከሆኑ የሁለቱ መዘግየት ይጣጣፋል።

2. ይህን ደረጃ በምንም ምክንያት አይዝለሉት። መቀበያዎቹን ከመለያየትዎ በፊት ሁለቱንም አንቴናዎች ሰማይ በግልጽ በሚታይበት አንድ ጣሪያ ላይ ጎን ለጎን ያቁሙ፤ ምቶቹንም በኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በስክሪን ላይ በሚያሳይ መሣሪያ) ሁለት መስመሮች ላይ ያነጻጽሩ። ምቶቹ በናኖሰከንዶች ወዲያና ወዲህ ሲዘሉ ያያሉ፤ አይደንግጡ። ሌሊቱን ሙሉ መዝግበው አማካዩን ያውጡ። ያ ቋሚ ልዩነት ኋላ ከእያንዳንዱ ውጤት ይቀነሳል።

3. አንቴናዎቹን ከውሃ ታንከርና ከግድግዳ አርቀው በየቦታቸው ይትከሉ።

4. ምቱን የቅንጣቱ ምልክት በሚገባበት በዚያው ቆጣሪ ላይ ያገናኙ። በኮምፒውተሩ ሶፍትዌር በኩል ካለፈ ማይክሮሰከንዶች ይባክናሉ።

5. መዝገቡን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይያዙ። የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዚያ መዝገብ 06፡00 ነው።

6. ማገናኛዎቹን እስከ መጨረሻው አጥብቀው በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፤ ቢላሉ ወዲያው ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኦፔራ ሙከራ ተመራማሪዎች ከሰርን (በጄኔቫ አቅራቢያ ካለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል) 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው የጣሊያን ቤተ ሙከራ ግራን ሳሶ የተላኩ ኒውትሪኖ የተባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖሰከንድ ያህል ቀድመው ደረሱ ብለው ነበር። ዋናው ምክንያት የጂፒኤስን ምልክት የሚያመጣው የፋይበር ገመድ በሚገባ አለመጥበቁ ሆኖ ተገኘ።

በሕንፃዎቹ መካከል ፋይበር መዘርጋት ከተቻለ በሰርን የተጀመረው ዋይት ራቢት የተባለው ሰዓት የማመሳሰያ ዘዴ ይሻላል፤ መልእክት እየላከና እየተቀበለ የመስመሩን መዘግየት ስለሚለካ ከአንድ ናኖሰከንድ በታች ይደርሳል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መቀበያው እስኪረጋጋ ድረስ የተመዘገበውን ለይተው ያስቀምጡ፤ ከሌላው ጋር አይደባልቁት።