ሻንጣ ሲጫን መሪው የሚርገበገብ ሞተር ሳይክል፦ ጥፋቱና መፍትሔው

ሻንጣዎቹ ሲሞሉ ሞተሩ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ይዋልላል፤ ፊቱ ቀሎ መሪው ይርገበገባል። ብዙ ሰው የፊት ጎማውን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን ኋላ ነበር፦ ከባዱ ዕቃ ሁሉ በላይኛው ሻንጣ ታጭቋል፣ የኋላው ሞላ (ስፕሪንግ) ደግሞ ያለ ጭነት ለሚነዳ ሰው እንደተስተካከለ ቀርቷል። ኋላው ሲሰምጥ የፊት ጎማው መሬቱን በደንብ አይጫንም።

መፍቻዎቹንና ውሃውን ወደ ፊትና ወደ ታች አወረድኩ፤ ላይኛው ሻንጣ ለልብስ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወደ ሞላው ማስተካከል ሄድኩ። የኋላ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ከጎማው የመሃል ዘንግ (አክስል) ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ጅራቱ ይለካል። ቀጥሎ ጭነቱ እንዳለ ነጂው ተቀምጦ ሌላ ሰው ያንኑ ቦታ ይለካል። ልዩነቱ ከጎማው ጠቅላላ የመውጣት መውረድ ጉዞ ከ30 እስከ 35 በመቶ መሆን አለበት፤ ጉዞው 200 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ60 እስከ 70 ማለት ነው። ከዚህ ከበለጠ ሞላውን ማጥበቅ ነው። ማጥበቂያው መጨረሻው ደርሶም ካልበቃ፣ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልጋል።

ለኮረኮንች የተቀነሰ የጎማ አየርም አስፋልት ላይ ሲወጣ ይመለስ፤ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መርገብገቡ ካልተወ፣ የፊት ጎማውን አንሥቶ ሹካውን (ጎማውን በሁለት ጎን የያዙትን እግሮች) ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ ነው። ቀጭ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። መንቀጥቀጥ የሚቀንስ ማረጋጊያ ቀድሞ መግጠም አልመክርም፤ ምልክቱን ይደብቃል፣ ጥፋቱ እዚያው ይቆያል።