ምችና አልማዝ ባለጭራ ላይ ሰዓት አታባክኑ

ከንፈራችሁ ላይ ምች ሊወጣ ሲል ቀድሞ የሚያሳክክ የሚያቃጥል ነገር አለ አይደል፣ በቃ አሲክሎቪር የሚባለው የቫይረስ መድሃኒት መጀመር ያለበት ያኔ ነው፣ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ ቅርፊት ከሰራ በኋላ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ ምክንያቱም መድሃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ነው እንጂ የሚያደርገው ከሰውነት ጠራርጎ አያወጣውም። ለዛም ነው ተመልሶ የሚመጣው፣ መድሃኒቱ አልሰራም ማለት አይደለም።

አልማዝ ባለጭራ ከሆነ ደግሞ አሲክሎቪሩ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው ጥሩ፣ "ነገ ይሻለኛል" እያላችሁ እንዳትቀመጡ። አይን አካባቢ ወይ አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣማ እዛው በዛው ቀን ሀኪም ጋር ሂዱ፣ አይን ሊያበላሽ ይችላል። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ነው፣ 5 ጊዜ መዋጥ እንዴት እንደሚያሰለች የዋጠ ያውቀዋል፣ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። ካልሆነላችሁ ቫላሲክሎቪር ይሆን እንደሆነ ሀኪሙን ጠይቁት፣ እሱ በቀን 3 ጊዜ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ራሱ አሲክሎቪር ነው የሚሆነው።

ውሃ በደንብ ጠጡ፣ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ዶዙ ስለሚቀነስለት ከመታዘዙ በፊት ይናገር።