ሃርድ ዲስክ ቀይሬ ስክሪኑ ጨለመብኝ

አራት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰኔ ሲመጣ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ የያዘ ተማሪ በሬ ላይ ይኮለኮላል። የምሠራባት ማሽን ያገለገለች ዴል ላቲቱድ ናት። ዎርድ እስክትከፍት አቦል ተጠጥቶ ቶና ይደርሳል። አንዱ ተማሪ "እትዬ፣ ሃርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ይቀይሩት፣ ሌላ ማሽን ትሆንልዎታለች" ቢለኝ፣ 240 ጊጋ ገዝቼ እሁድ ማታ ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ገለበጥኳት፣ ፈታሁ፣ ቀየርኩ፣ ገጠምኩ። ማብሪያዋን ስጫን ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

መቼም ሰው የሚጠረጥረው መጨረሻ የነካውን ነው። እኔም "ኤስኤስዲው የተበላሸ ነው" ብዬ የሸጠልኝን ሰው ስረግም አመሸሁ። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ላፕቶፕ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ባዮስ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ነው፤ ባዮስ ደግሞ የሚቀመጠው ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ እንጂ ዲስኩ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ዲስኩ ባዶ ቢሆን፣ ጭራሽ ባይኖርም እንኳ፣ የኩባንያው ምልክት ወጥቶ "የሚነሳ ነገር አላገኘሁም" የሚል ጽሑፍ መምጣት አለበት። ምልክቱም ጽሑፉም ካልመጣ፣ ወደ ዲስኩ ስትሄዱ እጃችሁ በመንገድ ላይ የነካውን ነው መፈለግ ያለባችሁ። አልፎ አልፎ ውስጡ ሾርት ያደረገ ዲስክ ማሽኑን አላስነሳ ሊል ይችላል፤ እሱን ለማጣራት ዲስኩን አውጥቶ ማብራት ይበቃል። እኔ አወጣሁት፣ ጨለማው እንዳለ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ የባትሪውን ሶኬት አላቆ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ስንቱ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ተነስቷል። መልሳችሁ ስታበሩ ቻርጀሩን ሰኩ፤ ባትሪው ተነቅሎ የተመለሰበት ማሽን ቻርጀር ካላየ አልነሳም የሚልበት ጊዜ አለ።

አሁንም ከጨለመ፣ ስክሪኑ ራሱ ሞቷል ወይስ ምስሉ ነው ያልደረሰው? ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት በአግድም ስክሪኑ ላይ አብሩ። መብራት የሄደበት ምሽት ለዚህ ይመቻል። ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ካያችሁ ስክሪኑ እየሠራ ነው፤ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው። ምንም ካላያችሁ በኤችዲኤምአይ ከቲቪ ጋር አገናኙት። ቲቪው ላይ ምስል ከመጣ ማዘርቦርዱም ራሙም (የማሽኑ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ደህና ናቸው። ካልመጣ ግን ቶሎ አትፍረዱ፤ ዊንዶውስ እስኪነሳ ድረስ ወደ ውጭ ምስል የማያወጣ ማሽን አለ።

ዴል ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። የ"ዲ"ን ቁልፍ እንደያዛችሁ ብታበሩት ስክሪኑ ራሱን ይፈትናል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየሆነ ያልፋል። ሁለተኛው የባትሪዋ ትንሽ መብራት ናት። ብርቱካናማ 2 ጊዜ፣ ከዚያ ነጭ 3 ጊዜ ብልጭ ካለች ራም አላገኘሁም ማለቷ ነው፤ 2 እና 7 ከሆነ ስክሪን። የኔዋ 2 እና 7 ትል ነበር።

2 እና 3 ከሆነባችሁ ራሙን አውጡት። በሁለቱም ጎን ያሉትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጉ ራሱ ብድግ ይላል። ወርቃማውን ጥርሱን በንጹህ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግ የሠፈራችን ዘዴ ነው፤ ፍርፋሪውን ግን በደንብ አራግፉ። ስትመልሱት ጋደም አድርጋችሁ እስከ ጥግ አስገቡና ቀጭ እስኪል ወደ ታች ተጫኑት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ሞክሩ።

የኔ ጉዳይ ግን የስክሪን ኬብሉ ነበር። ከማጠፊያው ሥር ወጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ጠፍጣፋ ሶኬት አለው። ክዳኑን ሳነሳ ጎትቼው ኖሮ አንዱ ጎኑ የጥፍር ውፍረት ያህል ብድግ ብሏል። ደስ ብሎኝ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ባትሪው እንደተሰካ። ለጀርባ መብራቱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በዚያው ኬብል ነው የሚያልፈው፤ ሶኬቱ ተንጋዶ ሲነካካ ሾርት ያደርጋል። መልሼ ሳበራው በስልክ መብራት ብቻ የሚታይ ምስል መጣ። አንድ ችግር ይዤ ሌላ ጨመርኩ።

የማውቀው የጥገና ልጅ ፒያሳ ነበር፤ ፒያሳ ሲፈርስ ካዛንቺስ ገባ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ አሁን ሜክሲኮ ነው። ገና ሲከፍታት "እትዬ፣ ባትሪውን ነቅለው ነው ኬብሉን የነኩት?" አለኝ። ዝም አልኩ። በማጉያው አሳየኝ፤ ሰሊጥ የምታህል ፊውዝ ተቃጥላለች። ቀየራት፣ በራ። እናንተም ስትሄዱ የነካካችሁትን ሳታፍሩ ንገሩት፤ እኔ ደብቄው ቢሆን ስክሪን ሊቀይርልኝ ይችል ነበር።

አንድ የሚያስቅ ነገር፦ ብሎኖቹ እንዳይጠፉ ማግኔት ያለው ሳህን ላይ ካስቀመጣችሁ ላፕቶፑ ሥር አታስጠጉት። ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ስለሆነ፣ ተዘግቻለሁ ብሎ ስክሪኑን ያጠፋል። ብሎኖቹንም በወረቀት ላይ እንደየቦታቸው አስቀምጡ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ማዘርቦርዱን ይወጋል።

ምልክቱ ታይቶ ዊንዶውስ ሲገባ የሚጨልም ከሆነ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሾፌር (ስክሪኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት) ነው፣ ካቻቪቴውን አስቀምጡ። የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና "ቢ"ን አንድ ላይ መጫን የግራፊክሱን ሾፌር እንደገና ያስነሳዋል። እምቢ ካለ በሴፍ ሞድ፣ ዊንዶውስ በትንሹ ብቻ በሚነሳበት መንገድ፣ ገብቶ ሾፌሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስገባት ነው።

ኤስኤስዲው እስከ ዛሬ ይሠራል። ወረቀቱ ላይ አንድ ብሎን ተርፎኛል፤ ከየት እንደወጣ አላወቅኩም፣ ክዳኑም በቀኝ በኩል ትንሽ ይንቀጠቀጣል።