የኮሌጅ ክፍያ ቅጣት በዝቶባችሁ ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጅማ ውስጥ በግል ኮሌጅ ለሚማር ለብዙ ተማሪ የክፍያው ብር የሚመጣው ከቤተሰብ ነው፤ ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ እስኪሸጥ የክፍያው ቀን ያልፋል። ያኔ ቅጣት ይከተላል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ።

ድምሩን ብቻ ተቀብሎ መውጣት

ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው። ፋይናንስ ክፍሉ «ይህን ያህል አለብህ» ሲል ዝርዝሩን በወረቀት ጠይቁ፦ ዋናው ክፍያ ስንት ነው፣ ስንት ተከፈለ፣ መቼ፣ ቅጣቱ በስንት በመቶና በየትኛው ገንዘብ ላይ ታሰበ።

የሴሚስተሩ ክፍያ 6,000 ብር፣ ቅጣቱ በወር 5 በመቶ ነው እንበል። 4,500 ብር በጊዜው ከገባ የዘገየው 1,500 ብር ብቻ ነውና የወሩ ቅጣት 75 ብር ይሆናል። በ6,000ው ላይ ከታሰበ ግን 300 ብር ይመጣል። በ3 ወር ልዩነቱ 675 ብር ነው፤ ለተማሪ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ሌላው በቅጣት ላይ ቅጣት መቁጠር ነው፦ ሙሉው 6,000 ብር ባይከፈል የ3 ወሩ ቅጣት 900 ብር መሆን ሲገባው 945 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። ጳጉሜም በ5 ቀኗ እንደ ሙሉ ወር ተቆጥራ እንደሆነ እዩ።

ስትመዘገቡ የፈረማችሁትን ውል አውጡና ቅጣቱ «ባልተከፈለው ቀሪ ላይ» ይላል ወይስ «በሴሚስተሩ ክፍያ ላይ» የሚለውን አንብቡ። ክርክሩ የሚቆመው በዚያ ቃል ላይ ነው። ውሉ ስለ ቅጣትም ሆነ ስለ ወለድ ምንም ካላለ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያስቀመጠው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ለ6,000 ብር በወር 45 ብር ማለት ነው።

ተበድለናል ብሎ ሁሉንም አለመክፈል

የምትከራከሩት በቅጣቱ ከሆነ ዋናውን ክፈሉ። ባንክ ስታስገቡ «ለሴሚስተሩ ዋና ክፍያ» ብላችሁ አስጽፉበት። አለበለዚያ ብሩ መጀመሪያ ለቅጣቱ ተይዞ ዋናው ዕዳ እንዳለ ሊቀመጥ፣ በላዩም አዲስ ቅጣት ሊቆጠር ይችላል።

የባንክ ወረቀቱን እንደ ደረሰኝ ማየት

አባት አጋሮ ካለው ቅርንጫፍ ሲያስገቡ የአስገቢ ስም የሚሆነው የራሳቸው ነው። ብሩ ኮሌጁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ የየትኛው ተማሪ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ቀድማችሁ ደውሉ፦ «አባዬ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የኔን ስም እስከ አያት፣ የመታወቂያ ቁጥሬንም ያስጽፉልኝ።» በሞባይል ከተላከ የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት አታጥፉ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ ኮሌጁ የራሱን ደረሰኝ ይቁረጥላችሁ። ያ እስኪሆን ድረስ መዝገቡ ላይ እንዳልከፈላችሁ ነው የምትታዩት።

ቀኑን በሁለት አቆጣጠር ማምታታት

ውሉ ጥር 10 ሲል የባንኩ ወረቀት በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 18 ብሎ ያትመዋል። ማመልከቻችሁ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ።

መስኮት ላይ በቃል መከራከር

በቃል የተነገረ አቤቱታ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። አንድ ገጽ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። የተጠየቃችሁትን፣ በእናንተ ስሌት የሚገባውን፣ የሁለቱን ልዩነትና የምትፈልጉትን ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ደረሰኞቹን በፎቶ ኮፒ አያይዙ፣ ዋናውን አትስጡ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። ይህ ሁሉ ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት ይለቅ። የፈተና መግቢያ ተከልክሎ በር ላይ የቆመ ተማሪ የተጠየቀውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለውም።

ኮሌጁ መልስ ካልሰጠ

ወደ ዲኑ፣ ካልሆነም ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። የጅማ መሥሪያ ቤቶችና ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በዚያው አስጽፉ፤ በአማርኛ ብቻ ይዞ ሄዶ መመለስ ቀን ያባክናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ ውሉን፣ የስሌቱን ዝርዝር፣ ደረሰኞቹንና ማኅተም ያለበትን ቅጂ በአንድ ፋይል ያዙ።